አንድ ፕሪንተር ለሙሉ ፎቅ

ባለጉዳዩ በመስኮቱ ፊት ቆሟል። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው መታተም፣ መፈረምና ማኅተም ማድረግ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ግን ፍላሽ ይዛ ከክፍል ወደ ክፍል ትሄዳለች። የራሷ ኮምፒዩተር ፕሪንተሩን አላገኘውም፤ የጎረቤት ክፍሉ ፕሪንተር በኬብል የተሰካው በኃላፊው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ገብተዋል፣ ኮምፒዩተራቸውም ተዘግቷል። ብዙ ፕሪንተር ባለበት ፎቅ አንድ ገጽ ማተም ሲያቅት መሣሪያ ጎደለ አይባልም። የጎደለው ፕሪንተሮቹን ማን እንደሚጠቀምባቸውና በየት በኩል እንደሚያገኛቸው አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው።

ያ ውሳኔ የሚጻፍበት ቦታ የመሥሪያ ቤቱ ዶሜይን ነው። ዶሜይን የሠራተኞችና የኮምፒዩተሮች መዝገብ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር ባወጣው አክቲቭ ዳይረክተሪ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና ፓስዎርድ፣ እያንዳንዱ ኮምፒዩተርም የራሱ መለያ አለው፤ ሠራተኞቹ በግሩፕ በግሩፕ ይመደባሉ፦ ፋይናንስ፣ ግዥ፣ የሰው ሀብት፣ መዝገብ ቤት። አንዲት ሠራተኛ ጠዋት ስሟንና ፓስዎርዷን ስታስገባ ሰርቨሩ ማን እንደሆነችና የየትኛው ክፍል እንደሆነች ያውቃል። ይህን ካወቀ የትኛው ፕሪንተር እንደሚደርሳትም ያውቃል ማለት ነው። እሷ ምንም መጫን፣ ምንም መፈለግ አይኖርባትም።

ፕሪንተርን በጋራ መጠቀም ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በኋላ የመጣ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሌዘር ፕሪንተርና የቢሮ ኔትወርክ አብረው ነው ያደጉት። ጋሪ ስታርክዌዘር እ.ኤ.አ. በ1971 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሌዘር ፕሪንተርን ሠራ። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ከ1973 ጀምሮ በዚያው ማዕከል ኤተርኔትን ሲሠሩ፣ ከዓላማቸው አንዱ አልቶ የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ከዚያ ፈጣን ፕሪንተር ጋር ማገናኘት ነበር። ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ውስጥ የምንዘረጋው ኬብል በከፊል የፕሪንተር ውለታ አለበት። አፕልም በ1985 ሌዘርራይተርን በ6,995 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ በዚያ ዋጋ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ የሚገዛ እንደማይበዛ ስለሚታወቅ ብዙ ማኪንቶሾች በኔትወርክ እንዲካፈሉት አድርጎ ነው ያዘጋጀው።

ከዚያ ዘመን አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ለጉዳያችን ይጠቅማል። በአሜሪካው ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ፕሪንተሩ ከተጠቃሚዎቹ ራቅ ያለ ስለነበር ወረቀት ሲጣበቅ ማንም ሳያውቅ ሥራው ይቆም ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን የፕሪንተሩን ፕሮግራም አሻሽሎ፣ መሣሪያው ሲቆም ሥራቸውን ለሚጠባበቁት ሁሉ በየኮምፒዩተራቸው መልእክት እንዲደርሳቸው አደረገ። በኋላ ከዜሮክስ የመጣው አዲሱ ሌዘር ፕሪንተር ግን ፕሮግራሙ ዝግ ነበር፤ ምንጩን ቢጠይቅም ተከለከለ። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ወደዚያ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ከዓይን የራቀ ፕሪንተር ስላለበት ሁኔታ ለተጠቃሚው ካልተናገረ፣ የጋራ መሆኑ ራሱ ችግር ይሆናል። ይህ እውነት ዛሬም አልተለወጠም።

አሁን ወደ አሠራሩ። በዶሜይን ውስጥ ፕሪንተሩ በኔትወርክ ኬብል ከግድግዳው ጋር ይገናኛል፤ በማንም ሠራተኛ ኮምፒዩተር ላይ አይሰካም። ከፕሪንተሩና ከሠራተኞቹ መካከል ፕሪንት ሰርቨር ይቆማል። ሠራተኛው «ፕሪንት» ሲል የገዛ ኮምፒዩተሩ ደብዳቤውን ፕሪንተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ይህን የሚያደርገው ድራይቨር ነው። የተዘጋጀው ሥራ ወደ ሰርቨሩ ይላካል፤ እዚያ ስፑለር የሚባል አገልግሎት ይቀበለዋል። ስፑለር የታክሲ ተራ አስከባሪ ማለት ነው፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ይይዛል፣ ተራው የደረሰውን ያሳልፋል፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ ይከለክላል። ከዚያ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በ9100 ፖርት በኩል ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ የፕሪንተሩ አይፒ አድራሻ። ፕሪንተሩ ከካርቶኑ ሲወጣ አድራሻውን በራሱ ከኔትወርኩ ይጠይቃል፣ የተሰጠውንም ይይዛል። ሰርቨሩ ላይ ፖርቱ በዚያ አድራሻ ይመዘገባል፤ ሁሉም ይሠራል። ከዚያ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ፕሪንተሩ ሌላ አድራሻ ሊያገኝ ይችላል፤ ሰርቨሩ ግን አሮጌውን እየጠራ ነው። ሠራተኞቹ «ኦፍላይን» የሚል ጽሑፍ ያያሉ፣ ፕሪንተሩ ግን በርቶ፣ ወረቀቱም ሞልቶ ተቀምጧል። መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞቻችን ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ በፕሪንተሩ ላይ ይላከካል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አድራሻ በሚያድለው የዲኤችሲፒ ሰርቨር ላይ ለዚያ ፕሪንተር አንድ አድራሻ በቋሚነት መያዝ። የፕሪንተሩን መለያ ቁጥር ከአድራሻው ጋር አንድ ጊዜ ካሰሩት፣ መብራቱ ስንት ጊዜ ቢጠፋ ተመልሶ የሚያገኘው ያንኑ ነው። አድራሻው ሳይለወጥም «ኦፍላይን» የሚል ከሆነ በፖርቱ ቅንብር ውስጥ ኤስኤንኤምፒ የተባለው የሁኔታ መጠየቂያ በርቶ እንደሆነ ይታይ፤ ፕሪንተሩ ለዚያ ጥያቄ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ደኅናውን መሣሪያ የሌለ አድርጎ ያሳየዋል።

ስም አወጣጡም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፕሪንተሩን በፋብሪካ ስሙና በሞዴል ቁጥሩ የሚመዘግብ ባለሙያ ብዙ ነው። ሠራተኛው ግን ሞዴል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቦታ ነው። «ሦስተኛ ፎቅ ፋይናንስ» ተብሎ የተመዘገበ ፕሪንተር መሣሪያው አርጅቶ ቢለወጥ እንኳ ስሙ አይለወጥም፤ ሠራተኛውም መቀየሩን ሳያውቅ ማተሙን ይቀጥላል። እኔ ብጠየቅ ለሰርቨሩ ከሚሰጠው ጊዜ ቀድሞ ለስሞቹ ይሰጥ እላለሁ።

ስሙ ከወጣና ፕሪንተሩ ሼር ከተደረገ በኋላ የማደሉ ሥራ ይመጣል። በየጠረጴዛው እየዞሩ መጫን ቀርቷል፤ ግሩፕ ፖሊሲ የተባለው የዶሜይኑ ማዘዣ ይሠራዋል። በተለይ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጋር የመጣው ፕሪፈረንስ የተባለው ክፍል ምቹ ነው። «የፋይናንስ ግሩፕ አባል የሆነ ሁሉ ይህ ፕሪንተር ይድረሰው» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ነው። በግሩፕ ብቻ ሳይሆን በአይፒ ክልል ወይም በቅርንጫፍም መለየት ይቻላል። ላፕቶፑን ይዞ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የሄደ ኦዲተር እዚያ ሲገባ የዚያን ቅርንጫፍ ፕሪንተር ያገኛል፤ ሲመለስ የራሱን። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የሚፈለገው ስሟን ወደ ግሩፑ ማስገባት ብቻ ነው፤ ስትዛወርም ከአንዱ አውጥቶ ወደ ሌላው ማስገባት።

ትእዛዙ ሲጻፍ አራት ምርጫ ይቀርባል፦ መፍጠር፣ መተካት፣ ማደስና መሰረዝ። «መተካት» የሚለው ከተመረጠ ሠራተኛው በገባ ቁጥር ፕሪንተሩ ተነቅሎ እንደገና ይጫናል፤ ጠዋት ኮምፒዩተሩ ቀስ ብሎ መከፈቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚሻለው «ማደስ» ነው። የሁልጊዜ ፕሪንተር ሆኖ እንዲቀመጥ የተመረጠውም ቦታውን እንዲይዝ ከተፈለገ፣ ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያመጣውን ልማድ ማጥፋት ይገባል፤ ስርዓቱ በራሱ ፈቃድ በመጨረሻ የታተመበትን ፕሪንተር ዋና ያደርገዋል። አንድ ቀን ታች ፎቅ ያተመች ሠራተኛ በማግስቱ ደብዳቤዋ ሁሉ ታች ፎቅ ሲወጣ የምታገኘው በዚህ ነው። ሌላም አለ፦ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 የማይክሮሶፍት ማስተካከያ ወዲህ የተጠቃሚን ፖሊሲ ከሰርቨሩ የሚያነበው ኮምፒዩተሩ ነው። ፖሊሲውን ለአንድ ግሩፕ ብቻ ለማጥበብ ብሎ የኮምፒዩተሮቹን የማንበብ ፈቃድ ያነሳ ባለሙያ፣ ሁሉ ነገር ትክክል ሆኖ ፕሪንተሩ ለማንም ሳይደርስ ይቀርበታል፤ ምክንያቱንም ሲፈልግ ቀኑ ይመሽበታል።

ፈቃድ ስል ሌላኛው ፈቃድም አለ። ፕሪንተር ሼር ሲደረግ ዊንዶውስ በልማዱ «ሁሉም ሰው» እንዲያትም ይፈቅዳል። ለአዳራሽ ፕሪንተር ይህ ደኅና ነው። ቼክ ወይም የደመወዝ ዝርዝር ለሚታተምበት ግን «ሁሉም ሰው» የሚለው ይውጣ፣ በቦታው ግሩፑ ይግባ። ፕሪንተሩ ኮሪደር ላይ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው መጥቶ የሚስጥር ቁጥር ካላስገባ ወረቀት የማያወጣ አሠራር በብዙ የቢሮ ፕሪንተሮች ላይ አለ። የሰው ደመወዝና የሕክምና ማስረጃ በትሪው ላይ ተዘርግቶ የአላፊ አግዳሚ መነጋገሪያ ሲሆን ማየት ያሳዝናል፤ ይህን መከላከል የአይቲ ክፍሉ የሙያ ግዴታ ነው።

ስለ ስፑለር አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ይህ አገልግሎት በኮምፒዩተሩ ላይ በከፍተኛው ሥልጣን ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በእሱ በኩል የገባ ሁሉ የቤቱ ጌታ ይሆናል። የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ያጠቃው ስተክስኔት የተባለ ጎጂ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታወቅ ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ስፑለር ነበር። በ2021 አጋማሽ ደግሞ ፕሪንትናይትሜር የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ ተራ ተጠቃሚ ድራይቨር መስሎ የቀረበ ፕሮግራም በሰርቨሩ ላይ ማስነሳት ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2021 የአስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ፤ በነሐሴ 10 ደግሞ ከአስተዳዳሪ በቀር ማንም የፕሪንተር ድራይቨር እንዳይጭን አደረገ።

ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር። ግን በዓለም ዙሪያ በፖሊሲ የታደሉ ፕሪንተሮች ድንገት የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ መጠየቅ ጀመሩ። አንዳንዱ ባለሙያ ሥራው እንዲቀጥል ብሎ ጥበቃውን ከነጭራሹ አጠፋው፤ ያ በሩን ከፍቶ መተኛት ነው። የሚሻለው ድራይቨሩን ከሠራተኛው አስቀድሞ በኮምፒዩተሮቹ ላይ ማስገባት ነው፤ ያኔ ሠራተኛው ሲገባ የሚቀረው ግንኙነቱ ብቻ ስለሆነ ፓስዎርድ የሚጠይቀው አይኖርም። በተጨማሪ ኮምፒዩተሮቹ ከታወቀው ፕሪንት ሰርቨር በቀር ከሌላ እንዳይቀበሉ በፖሊሲ ይታሰር። በትናንሽ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሰርቨር የዶሜይኑን መዝገብም ፕሪንተሩንም ሲይዝ ይታያል፤ ሁለቱ ይለያዩ። መዝገቡ በሚኖርበት ሰርቨር ላይ ስፑለር መጥፋት አለበት፤ የሠራተኛው ሁሉ ፓስዎርድ የተቀመጠው እዚያ ነውና።

አማርኛ የሚጽፍ ቢሮ የራሱ ተጨማሪ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ፣ ከዚያም በኋላ በልማድ በቀደሙት ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች በየመዝገብ ቤቱ ሞልተዋል። ደብዳቤውን ለሕትመት የሚያዘጋጀው የሠራተኛው ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ያ ኮምፒዩተር ፎንቱ ከሌለው ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ያን ጊዜ ፕሪንተሩን መቀየር፣ ቶነር ማወዛወዝ ከንቱ ድካም ነው። ፎንቱ እንደ ፕሪንተሩ ሁሉ በዶሜይኑ በኩል ለሁሉም ኮምፒዩተር ይሰራጭ። አዲስ የሚጻፈው ደግሞ በዩኒኮድ ይሁን።

ወደፊት ድራይቨር የሚባለው ነገር ራሱ ወደ ዳር እየወጣ ነው። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2023 የየፋብሪካውን የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ማቅረቡን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ በዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ዕትም ላይም ከፋብሪካ ድራይቨር ውጭ አይፒፒ በተባለው የጋራ የሕትመት ፕሮቶኮል ብቻ የሚያትም የተጠበቀ አሠራር አስገብቷል። ይህን አሠራር ለማብራት ፕሪንተሩ ሞፕሪያ የተባለው የፕሪንተር ደረጃ ማረጋገጫ ያለው መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ የግዥ ክፍል የሚቀጥለውን የፕሪንተር ጨረታ ሲያዘጋጅ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ የገጽ ፍጥነትና የቶነር ዋጋ ብቻ አይጻፉ፤ የኔትወርክ ሶኬት፣ አይፒፒና የሞፕሪያ ማረጋገጫም ይጨመሩ። ዛሬ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ርካሽ ፕሪንተር የገዛ ክፍል፣ ያንን ፕሪንተር ለዓመታት የሚጠቀምበት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።