የሲክል ሴል በሽታ በጣና ዙሪያና የዘረ-መል ሕክምና ምርምር ወጪ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታን አልፎ ወደ ይፋግና አዲስ ዘመን ሲያቀና የሚያቋርጠው የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርቱ፣ በከብት ዝርያውና በርብና በጉማራ ወንዞች ይታወቃል። ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ ለረጅም ዘመን የወባ ቀጠና ሆኖም ቆይቷል። በባሕር ዳርና በጎንደር ሪፈራል ሆስፒታሎች ከሚታከሙ ሕፃናት መካከል ከጣና ሐይቅ ዙሪያ ወረዳዎች የመጡና ሲክል ሴል በተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ የተያዙ ይገኙበታል። በሽታው በኢትዮጵያ እምብዛም የለም ተብሎ ለብዙ ዓመታት ይታሰብ ስለነበር ምልክቱን ቶሎ የሚጠረጥር ባለሙያ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

በሽታው የሚመነጨው ሄሞግሎቢን የተባለውን ኦክስጂን ተሸካሚ ፕሮቲን በሚያዘው ዘረ-መል ላይ ካለ አንዲት የፊደል ለውጥ ነው። በዚህ ምክንያት ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክስጂናቸውን ሲለቁ ክብ ቅርጻቸውን አጥተው እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ፤ ይደድራሉ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችንም ይዘጋሉ። ጤናማ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር የጎበጠው ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል። የሕፃኑ ደም ማነስ፣ የዓይኑ ቢጫ መሆንና ድንገት የሚነሳ ከባድ የአጥንት ሕመም ከዚሁ የሚመጡ ናቸው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላው የእጅና የእግር ጣቶች በማበጥ ይጀምራል። ወላጅ ወባ ነው ወይም ቁርጥማት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አንድ ልጅ የሚታመመው ጉድለት ያለበትን ዘረ-መል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ሁለቱም ተሸካሚ የሆኑ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ እናትን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ በሳይንስ መሠረት የለውም። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው በአብዛኛው ጤናማ ሲሆን፣ ከከባድ ወባም የተሻለ መከላከያ አለው፤ ወባ በበዛባቸው የዓለም አካባቢዎች ይህ ዘረ-መል ተስፋፍቶ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 አሳይቷል። ይሁንና ከሁለቱም ወላጆች የወረሰው ሕፃን ይህ ጥበቃ የለውም። ወባ ሲይዘው ደሙ በፍጥነት ስለሚያንስ አደጋው ይብሳል። በዚህ ረገድ የተሳሳተ ግንዛቤ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ለዚህ በሽታ የዘረ-መል ሕክምና ከምርምር ወጥቶ በይፋ የተፈቀደው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ብሪታኒያ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ካስጌቪ የተባለውን ሕክምና አጽድቀዋል። አሠራሩ ከታማሚው የደም አመንጪ ሕዋሳትን መውሰድ፣ በቤተ ሙከራ ክሪስፐር በተባለው ዘዴ ማስተካከልና መልሶ መስጠት ነው። የሚስተካከለው የታመመው ዘረ-መል ራሱ ሳይሆን፣ ከወሊድ በኋላ የፅንስ ሄሞግሎቢንን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያው ሲዳከም ሰውነት በፅንስነቱ ይሠራው የነበረውን ሄሞግሎቢን እንደገና ያመርታል። ሕዋሳቱ ከመመለሳቸው በፊት ግን መቅኒው በጠንካራ ኬሞቴራፒ መጠረግ ስላለበት ታማሚው ለሳምንታት ሆስፒታል ይተኛል።

ዋጋው በአሜሪካ ለአንድ ታማሚ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። መጀመሪያ ሲጸድቅ የተፈቀደውም ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ነበር። በአፍሪካ ከሲክል ሴል ጋር ከሚወለዱ ሕፃናት ብዙዎቹ ሳይመረመሩ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ሲታሰብ፣ ሕክምናው አሁን ባለበት መልኩ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውን አይደርስም ማለት ነው።

የምርምር ገንዘቡ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ታማሚው ጥቂት፣ ቤተሰቡም ድሃ ሲሆን የግል መድኃኒት አምራች ገንዘቡን ለማፍሰስ ያመነታል፤ ክፍተቱን መሙላት የመንግሥታትና የበጎ አድራጎት ተቋማት ድርሻ ይሆናል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩትና የጌትስ ፋውንዴሽን በአራት ዓመት ውስጥ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ተስማምተዋል። ዓላማው ለሲክል ሴልና ለኤች አይ ቪ አቅም በሌላቸው ሀገሮችም ሊሰጥ የሚችል የዘረ-መል ሕክምና ማግኘት ነው። የሚታሰበው ሕዋስ ማውጣትም ሆነ ኬሞቴራፒ ሳያስፈልግ፣ ማስተካከያውን በቀጥታ ወደ ሰውነት የሚያደርስ መርፌ ነው። እስካሁን ግን ለሕዝብ አገልግሎት አልደረሰም።

ይህ እስኪደርስ ድረስ የሕፃናቱ ዕድል በርካሽ ነገሮች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከአራስ ተረከዝ በሚወሰድ ጥቂት ደም በሽታውን መለየት፣ በፔኒሲሊንና በክትባት ኢንፌክሽንን መከላከል፣ አጎበር መጠቀም ይቻላል። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒትም የፅንስ ሄሞግሎቢንን በመጠኑ ይጨምራል። በአንጎላ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ከ600 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ሕመምን፣ ወባንና ሞትን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆኗል። መድኃኒቱ የደም ምርመራ ክትትል ይጠይቃል፤ ለይፋግ ወላጅ ግን ከዘረ-መል ሕክምና እጅግ የቀረበ ነው።

ሁለቱ ወጪዎች እንደ ተፎካካሪ መታየታቸው ተገቢ አይመስልም። የአራስ ምርመራና የታማሚ መዝገብ በሌለበት የወደፊቱ መርፌ ለማን እንደሚሰጥ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም። ተመራማሪም ቢሆን ሙከራውን የሚያካሂደው ታማሚዎቹ በተመዘገቡበትና ክትትል ባለበት ቦታ ነው።

ጣቶቹ ያበጡ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ደም ማነሱ እየተመላለሰ የሚያስቸግረው ሕፃን ያላቸው ወላጆች በአቅራቢያቸው ላለው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያ ማሳወቅ፣ ቀደም ብሎ በተመሳሳይ ሕመም የሞተ ወንድም ወይም እኅት ካለም ይህንኑ መንገር ይኖርባቸዋል። ትኩሳት ከታየ ግን እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።