የኦቨርሎክ ማሽን የተለመዱ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በልብስ ስፌት የተሰማሩ ዜጎች የኦቨርሎክ ማሽናቸው ክር በበጠሰ ወይም ስፌት በዘለለ ቁጥር ሥራ አቁመው ጥገና መጠበቅ አይኖርባቸውም። ብዙ ጊዜ መንስኤው የክር አገባብ ወይም መርፌ ነው። ማንኛውም ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ ጠፍቶ ከኤሌክትሪክ መነቀል አለበት።

ክር ሲበጠስ፡- የተበጠሰውን ብቻ ከመቀጠል ይልቅ ሁሉንም ክሮች አውጥቶ፣ መርገጫውን ከፍ አድርጎ እንደገና ማስገባት ይገባል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ቅደም ተከተሉ የላይኛው ሉፐር፣ የታችኛው ሉፐር፣ በመጨረሻም መርፌ ነው። መርፌው ቀድሞ ክር ከገባለት የታችኛው ሉፐር ክር ተይዞ ይበጠሳል።

ስፌት ሲዘል፡- የተጣመመ ወይም የደነዘ መርፌን መቀየርና አዲሱን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍቶ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የጨርቅ ጠርዝ ሲተለተል፡- በቢላዋው ዙሪያ የተጠራቀመውን ብናኝ መጥረግ፣ ካልተስተካከለም ቢላዋውን መቀየር ተገቢ ነው።

የክር ማጥበቂያዎች መነካት ያለባቸው በመጨረሻ ነው፤ ይኸውም አንድ በአንድ፣ በተመሳሳይ ቁራጭ ጨርቅ ላይ እየተሞከረ ነው። ማሽኑ የመቃጠል ሽታ ካመጣ ግን ሥራው ወዲያውኑ ቆሞ ለባለሙያ ሊታይ ይገባል።