ተፈጥሯዊ ስለ ተባለው የሆርሞን መድኃኒት

በእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ የንጋቱ ብርድ ሽማግሌውንም ወጣቱንም በጋቢ ያስጠቀልላል። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቁልቁል ወደ የካ ስንወርድ፣ አንዲት ጎረቤታችን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ላባቸውን ሲጠርጉ አየናቸው። «እትዬ፣ አመመዎትን?» ብንላቸው «ኧረ ደኅና ነኝ፤ ይህ እሳት ግን ሌሊትም አያስተኛኝ» አሉን። ዕድሜያቸው 51 ነው።

ይህ ነገር በሽታም የሰው ዓይንም አይደለም። ልማደ አንስት የሚቋረጥበት፣ ማረጥ የሚባለው የዕድሜ ክፍል ነው እንጂ። በአብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር መቆሙ ይታወቃል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ድንገተኛ ሙቀት፣ ላብና የእንቅልፍ ማጣት ይመጣል፤ አጥንትም ይሳሳል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው አዝለው ለሚወርዱ እናቶች ደግሞ የአጥንት መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎረቤታችን ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ቅባት ይዘው መጡ፤ «ባዮአይደንቲካል» የሚባለው የኤስትሮጅን ዓይነት ነበር። የእንግሊዝኛውን ጽሕፈት አነበብንላቸው፤ «ከዕፅዋት የተገኘ፣ ተፈጥሯዊ» የሚል ነበርና «እንግዲያው ምን ይከፋል!» አልናቸው። በዚህ ተሳስተናል፤ ጽሕፈት ማንበብና መድኃኒት ማወቅ አንድ አይደለምና።

ወራት አልፈው ደም እንደገና ታያቸው። «ወጣትነቴ ተመለሰ» ብለው ደስ ቢላቸውም፣ ሐኪም ሲመረምራቸው የማኅፀናቸው ውስጠኛ ሽፋን ወፍሮ ተገኘ። ማኅፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ ይህ ይደርሳል፤ ከቆየም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ ፕሮጀስትሮን የተባለው ሌላው ሆርሞን አብሮ ይታዘዛል። ጎረቤታችን በጊዜ ስለ ደረሱ ተረፉ።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። ባዮአይደንቲካል ማለት ቅርጹ ከሰውነት ሆርሞን ጋር አንድ የሆነ ማለት ነው። ከአኩሪ አተርና ከመሰሉት ዕፅዋት ቢነሣም በቤተ ሙከራ ተለውጦ የሚሠራ ነው። ከእነዚህም በመንግሥት መርማሪዎች ተፈትሾ የተፈቀደ አለ፤ ለእያንዳንዷ ሴት በየመድኃኒት ቤቱ የሚቀመምም አለ። ስለ ሁለተኛው በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ባወጡት ዘገባ፣ ደኅንነቱንና ጥቅሙን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጸዋል።

በአንጻሩ ሆርሞንን ሁሉ መፍራትም አይገባም። በሐምሌ 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በ16,608 ሴቶች ላይ ይደረግ የነበረ ጥናት፣ የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት አደጋ ጨምሮ ስለ ታየ ተቋረጠ። በዚያ የተሰጠው ግን ከእርጉዝ ባዝራዎች ሽንት የሚገኝ ኤስትሮጅንና ሰው ሠራሽ ፕሮጀስቲን ነበር፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነበር። ኋላ ውጤቱ እንደገና ሲመረመር፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ሕመሙ ለሚያስጨንቃቸው ሴቶች ብዙ ጊዜ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ታወቀ።

ስለዚህ እናቶቻችን በዝምታ አይሠቃዩ፤ በወሬም መድኃኒት አይቀቡ። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም የነበረባት ይህን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ካረጠች በኋላ ደም የሚታያት ሴት ሳትውል ሳታድር ትመርመር። ለአጥንትም የእግር ጉዞና የፀሐይ ብርሃን ይረዳል፤ በጾም ወራት ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ ከማዕድ አይጥፉ።

ከባሕር ማዶ መድኃኒት የምትልኩ ልጆችም ከመላካችሁ በፊት «ሐኪም ምን አለሽ?» በሉ። እኛም ጽሕፈት አንባቢዎች «ይህን አናውቅም፤ አብረን ሐኪም እንጠይቅ» ማለትን እንልመድ።