እንጨትና ሶሊድ ሰርፌስ በአንድ የኢንታርሲያ ሥራ ውስጥ

ኢንታርሲያ በቀለማቸውና በቃጫቸው አቅጣጫ የተመረጡ የእንጨት ቁራጮችን በማገጣጠም ሥዕል የሚፈጠርበት ጥበብ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ኢጣሊያ ውስጥ ለደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ፣ ለፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮ የተሠራውና ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው የጉቢዮ የጥናት ክፍል ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ተፈጥሯዊ እንጨት ንጹሕ ነጭና ሰማያዊ ቀለም እምብዛም አይሰጥም። ስክሮል ሶው በተባለው ባለ ቀጭን ምላጭ የማሽን መጋዝ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ጉድለት ከሚሞሉባቸው መንገዶች አንዱ ሶሊድ ሰርፌስ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን ማጣመር የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ያብራራል።

ሶሊድ ሰርፌስ በይበልጥ የሚታወቀው ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ገጽ በማገልገሉ ነው። ከዓይነቶቹ ቀዳሚ የሆነው ኮሪያን በዱፖንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈለሰፈ ሲሆን፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አክሪሊክ፣ ቀሪው በአመዛኙ ከቦክሳይት የሚገኘው አሉሚኒየም ትራይሃይድሬት ነው። ቀለሙ እስከ ውስጥ የዘለቀ በመሆኑ ጠርዙ ቢሞረድም አይለወጥም፤ ቃጫ ስለሌለውም በማንኛውም አቅጣጫ እኩል ይቆረጣል።

የመጀመሪያው ችግር ሙቀት ነው። አክሪሊክ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ፣ ምላጩ በፍጥነት ሲሮጥ ፍርፋሪው ቀልጦ የተቆረጠውን መስመር መልሶ ያጣብቃል። መፍትሔው ፍጥነትን መቀነስ፣ ጥርሶቹ የተራራቁ ምላጭ መምረጥና የሚቆረጠውን ገጽ በማሸጊያ ፕላስተር መሸፈን ነው።

ሁለተኛው የመጠን ለውጥ ነው። እንጨት በእርጥበት፣ ሶሊድ ሰርፌስ ግን በሙቀት ይለጠጣል። ለምሳሌ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው እንጨት የእርጥበት ይዘቱ በ4 በመቶ ቢለወጥ፣ በቃጫው አግድም 1 ሚሊሜትር ያህል ሊንቀሳቀስ ይችላል። ያው ስፋት ያለው ሶሊድ ሰርፌስ ግን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢለወጥ እንኳ እንቅስቃሴው ከ0.1 ሚሊሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ሰፊ እንጨት በሶሊድ ሰርፌስ ፍሬም ውስጥ ተጨናንቆ ከታሰረ መጋጠሚያው ሊሰነጠቅ ይችላል። እንጨቱን በትናንሽ ቁራጮች መከፋፈልና ጥቂት ክፍተት መተው ይህን ያስቀራል።

ሦስተኛው ማጣበቅ ነው። ተራ የእንጨት ኮላ የሚደርቀው ውኃው ወደ እንጨቱ ሲሰርግ ነው፤ ሶሊድ ሰርፌስ ግን ውኃ አይመጥም። በመሆኑም ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ በኤፖክሲ ከኮምፔንሳቶው ጋር ማጣበቅ ይመረጣል። ነጭ ብናኝ በጥቁር እንጨት ቀዳዳዎች እንዳይገባም እያንዳንዱ ቁራጭ ከመጣበቁ በፊት ለየብቻው ሊለሰልስ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን አቧራው ነው። ሶሊድ ሰርፌስ በሲሊካ የበለጸገውና አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያገደችው ሰው ሠራሽ ድንጋይ አይደለም። ይህ ማለት ግን ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አቧራውን ለዓመታት ሲተነፍስ በቆየ ሠራተኛ ላይ የሳንባ ጠባሳ መታየቱ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ስለሆነም አቧራ መሳቢያ ማሽንና ከፊት ጋር በሚገባ የሚገጥም ጭንብል የሥራው አካል እንጂ ተጨማሪ አይደሉም።

እንግዲህ ሶሊድ ሰርፌስ የእንጨት ምትክ ሳይሆን የጎደለውን ቀለም የሚሞላ አጋር ነው። የሁለቱን ጸባይ አስቀድሞ የተረዳ ባለሙያ ሥራውንም ሳንባውንም ይጠብቃል።