በረዶ ላይ የሚጫወቱ ትናንሽ ልጆች፦ ብርድ የሚያደርሰው ጉዳትና ቤተሰብ ማወቅ ያለበት

በሚኒሶታ፣ በዴንቨር፣ በካልጋሪ ወይም በኦስሎ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በቅዝቃዜው ወራት ልጆቻቸውን ይዘው በረዶ ወደሚጫወቱበት ቦታ መሄዳቸው የተለመደ ነው። በእስራኤልም በረዶ ሲጥል ወደ ሄርሞን ተራራ የሚወጣው ቤተሰብ ብዙ ነው። በረዶ ላይ መሮጥና መንከባለል በራሱ ለልጅ ጤና ጎጂ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። በጨዋታ የተጠመደ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ «በረደኝ» ለማለት ጊዜ የለውም። ጣቱ ከደነዘዘ በኋላ ደግሞ ስለማያመው ጭራሽ አይናገርም። ስለዚህ እስኪናገር መጠበቅ አይገባም።

ልጆችን ብርድ ለምን ቶሎ ይጎዳቸዋል?

የትንሽ ልጅ ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሙቀቱን ከአዋቂ ሰው በበለጠ ፍጥነት ያጣል። ጨቅላ ሕፃናት ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጠው ሙቀት ማመንጨት አይችሉም። በጀርባ የታዘለ ወይም መንሸራተቻ ላይ ተቀምጦ የሚጎተት ሕፃን ስለማይንቀሳቀስ ይበልጥ ይበርደዋል። አባት ዳገቱን ሲወጣ ሊያልበው ይችላል፤ በጀርባው ያለው ልጅ እግር ግን በዚያው ሰዓት እየደነዘዘ ሊሆን ይችላል። በየጊዜው አውርዶ እጁንና እግሩን መዳሰስ ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ፣ «ብርድ መታው» ብለን የምንጠራው የሳንባ ምች የሚመጣው ከበረዶው ሳይሆን ከተህዋስያን ነው። ልጁን በዚህ ፍርሃት ወቅቱን ሙሉ ቤት መዝጋት አያስፈልግም። አስም ያለበት ልጅ ግን ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክሩ፤ ኢንሄለሩም ከእጅዎ አይለይ። ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ላለባቸው ልጆችም ብርድ ከባድ የሕመም ስሜት ሊያስነሳ ይችላል።

የቆዳ መቀዝቀዝ በጥቁር ቆዳ ላይ እንዴት ይታወቃል?

ብርድ ቆዳንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ሲያቀዘቅዝ ፍሮስትባይት ይባላል። የሚያጠቃው በአብዛኛው የእጅና የእግር ጣቶችን፣ ጆሮን፣ አፍንጫንና ጉንጭን ነው። ብዙ ጽሑፎች «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ። በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ይችላል፤ ወላጅ የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ከቀለሙ ይልቅ በእጅ መዳሰስ ይሻላል። ቦታው በጣም የቀዘቀዘ፣ እንደ ሰም የደረቀ ወይም ሲጫኑት የማይለሰልስ ከሆነ፣ ቀለሙ አመድማ ወይም ከወትሮው የደበዘዘ ከሆነ፣ ልጁም ሲነካ የማይሰማው ከሆነ ጨዋታው በዚያው ይቁም። አንዱን ጆሮ ከሌላው፣ አንዱን እጅ ከሌላው ጋር ማስተያየትም ይረዳል።

የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ፣ ወይም ከነፋሱ ጋር ተዳምሮ ከዜሮ በታች 28 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ልጆች ቤት ውስጥ እንዲጫወቱ ይመክራል። በዚህ ቅዝቃዜ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ልብሱ ወይም ጓንቱ ከራሰ ግን ከዚህ በቀለለ ብርድም ጉዳት ይደርሳል።

ጉዳቱ ከደረሰ

ልጁን ወደ ሙቅ ቤት ያስገቡ፤ እርጥብ ልብሱን አውልቀው ደረቅ ያልብሱት። በፍጹም አይሹት፤ በበረዶ ማሸት ደግሞ ይብሳል። የቀዘቀዘውን እጅ ወይም እግር ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይንከሩ። የውኃውን ሙቀት በራስዎ ክርን ይለኩ እንጂ በልጁ እጅ አይለኩ፤ የደነዘዘ እጅ ማቃጠሉን አያውቅም። በዚሁ ምክንያት እሳት፣ ማሞቂያና የፀጉር ማድረቂያ አይጠቀሙ። ስሜቱ ሲመለስ ልጁ አምርሮ ሊያለቅስ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ለሕመሙ በክብደቱ ልክ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም። ውኃ የቋጠረ ቦታ ካለ አያፍርጡት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስሜቱና ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ገና ሜዳ ላይ ካላችሁና ቦታው እንደገና ሊቀዘቅዝ የሚችል ከሆነ ሙቅ ቤት እስክትደርሱ በውኃ አታሙቁት፤ ሞቆ እንደገና የሚቀዘቅዝ ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል።

ከዚህ የሚከፋው የመላ ሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረድ፣ ማለትም ሃይፖተርሚያ ነው። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ይደናቀፋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቅ ቢያቆም መሻሉ ሳይሆን መባሱ ነው። ሕፃን ከሆነ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ይዝላል፣ ጡት አልጠባም ይላል። ወዲያውኑ የአደጋ ጊዜ ስልክ ይደውሉ፤ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101 ነው። እርዳታ እስኪደርስ ደረቱንና አንገቱን ከራስዎ ገላ ጋር አስጠግተው በብርድ ልብስ ይሸፍኑት። ሙቅ ውኃ ውስጥ አይክተቱት።

ልብስ፣ መኪናና ከሰል

እርስዎ ከለበሱት አንድ ድርብ ጨምረው ያልብሱት። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይዝም፤ ስለዚህ ከገላ የሚገናኘው ልብስ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ቢሆን ይመረጣል። ጋቢም ጥጥ ነውና በረዶ ላይ አይሆንም። መኪና ውስጥ ግን ጥሩ ጥቅም አለው። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ልጅ በመኪናው የልጆች ወንበር ላይ ሲታሰር ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ልል ነው፤ በግጭት ጊዜ ልጁ ሊወረወር ይችላል። ጃኬቱን አውልቀው፣ ቀበቶውን አጥብቀው፣ ጋቢውን ከላይ ጣል ያድርጉበት። ለአንገት ከረጅም ሻርፕ ይልቅ በራስ የሚጠለቅ የአንገት ልብስ ይሻላል፤ ሻርፕ ሊያንቅ ይችላል። ቫዝሊን የደረቀ ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ ከፍሮስትባይት አይከላከልም።

የመኪናው የጭስ ማውጫ በበረዶ ተደፍኖ ሳለ ልጆችን ውስጥ አስቀምጦ ሞተር ማስነሳት ገዳይ ነው፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ማውጫውን ይጥረጉ። ለጉዞው በተከራያችሁት ቤት ውስጥ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላትም እንዲሁ ነው፤ መስኮቱ በብርድ ምክንያት ጥርቅም ተደርጎ ስለሚዘጋ አደጋው ይጨምራል። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ።

ፀሐይም አትረሳ። አዲስ በረዶ ጎጂውን የፀሐይ ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ጥቁር ቆዳም ዓይንን ከዚህ አያድንም። ልጁ የፀሐይ መነጽር ያድርግ። ከጨዋታው ጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ምናልባትም ሌሊት፣ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ቢቆረቁረው፣ ቢያለቅስና ብርሃን ቢሸሽ ዓይኑ በጨረሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን አጨልሙለት፣ እንዳያሸው ተከላከሉ፣ በማግስቱም ሐኪም ይየው።