ዲፈረንሻል ሲቀየር መኪና ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል?

የመኪናን ሞተር ሳይነኩ፣ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ ሳይጨምሩ፣ የኋላ ጎማዎቹ መኪናውን ወደፊት የሚገፉበትን ኃይል በ37 በመቶ ማሳደግ ይቻላል ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ውሸት ነው አትበሉ፤ ይቻላል። የሚቀየሩት ሁለት ባለጥርስ ብረቶች ናቸው። የሚገኙትም ከመኪናው ሆድ ሥር፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል በሚታየው ድቡልቡል ብረት ውስጥ ነው፤ መካኒኮች ዲፈረንሻል የሚሉት።

ታዲያ መኪናው በ37 በመቶ ፈጣን ሆነ ማለት ነው? አይደለም። እንዲያውም በአንዳንድ ፍጥነቶች ላይ ከድሮው ይልቅ ይደክማል። እኔ ይህን ሒሳብ መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ «የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ» ብዬ ካልኩሌተሩን አጥፍቼ እንደገና ጀምሬ ነበር። ስህተት አልነበረም። እስቲ አብረን እንሥራው፤ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ይከተለዋል።

ምሳሌያችን እ.ኤ.አ. የ1989 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ሲፈቱትና ሲገጥሙት የኖሩት መኪና ነው፤ ዲፈረንሻሉን መቀየርም በጣም የተለመደ ነው። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር ነው። በደቂቃ 4,200 ዙር ላይ 225 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ቶርኩ፣ ማለትም ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ብርታት፣ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በ3,200 ዙር ሲሆን መጠኑ 407 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ ነው።

ሞተር በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ጎማ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት መዞር አለበት። ቅነሳው የሚካሄደው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ካምቢዮው ይቀንሳል፤ ማርሽ ስትቀይሩ የምትመርጡት የዚህን ቅነሳ መጠን ነው። ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ ይቀንሳል፤ ይህኛው ግን ቋሚ ነው፣ መሪ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ልትቀይሩት አትችሉም። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ትንሿ ባለጥርስ ብረት ፒኞን ትባላለች፣ ትልቁ ኮሮና። (ቫይረሱን ለጊዜው እርሱት። እንደ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ዘውድ።)

በመደበኛው የሙስታንግ ዲፈረንሻል ፒኞኑ 15፣ ኮሮናው 41 ጥርስ አለው። 41 ሲካፈል ለ15፣ 2.73። ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅሙ ዘንግ 2.73 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ዙሩ በሚቀንስበት ልክ ደግሞ ቶርኩ ይበዛል። ባለማርሽ ብስክሌት የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፦ ዳገት ላይ እግራችሁ ቶሎ ቶሎ የሚዞርበትን ማርሽ ትመርጣላችሁ፤ ፔዳሉ ይቀልላችኋል፣ በአንድ ዙር የምትሄዱት መንገድ ግን ያጥራል።

አሁን ባለ 15 ጥርሱን አውጥተን ባለ 11 ጥርስ ፒኞን ከነአዲስ ኮሮናው እናስገባ። 41 ሲካፈል ለ11፣ 3.73። 3.73 ሲካፈል ለ2.73 ደግሞ 1.37። ያ 37 በመቶ የመጣው ከዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ ተሰባበሩ? 40 እና 10 ጥርስ ቢሆን ኖሮ ልክ 4 ይመጣ አልነበር? ይመጣል፤ ነገር ግን የፒኞኑ አንድ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ የሚገናኘው ከኮሮናው 4 ጥርሶች ጋር ብቻ ይሆናል። አንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ ጉድለት ካለ ያንኑ 4 ጥርስ ሲደበድብ ይኖራል። 41 ግን ከ1 እና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥርስ ተራ በተራ ከሁሉም ጋር ይገናኛል፣ መበላቱም እኩል ይሆናል። ለኔ ከመኪናው ሁሉ የበለጠ ደስ የሚለኝ ይህቺ የቁጥር ብልሃት ነች።

ፋብሪካው 2.73ን የመረጠው ሳያውቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ አሜሪካ በ1975 የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አወጣች፤ ከ1978 ሞዴል ጀምሮ የመኪና አምራቾች በአማካይ ማሟላት ያለባቸው የፍጆታ ልክ ተቀመጠ። በ2.73 መኪናው በአምስተኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ገደማ ብቻ ነው የሚዞረው። በ3.73 ይህ ወደ 2,070 ይወጣል። ድምፁም ነዳጁም አብሮ ይጨምራል።

እሺ፣ ወደ ግፊያው እንመለስ። ከቆመበት በአንደኛ ማርሽ ሲነሳ እንይ። የአንደኛ ማርሽ ቅነሳ 3.35 ነው። 407 ሲባዛ በ3.35፣ ሲባዛ በ2.73፣ ጎማው ላይ 3,720 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርሳል። የጎማው ሬዲየስ 32.5 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ መሬቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል 11,400 ኒውተን ነው። መንገድ ላይ በፍትጊያ የሚባክነውን ቀንሰን 10,000 እንበለው። አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፦ ጎማው ይህን ሁሉ መሸከም ይችላል ወይ? መኪናው ከነነጂው 1,500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሞተሩ ፊት ስለሆነ የኋላ ጎማዎች የሚደርሳቸው ከግማሽ ያነሰ ክብደት ነው። ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ቢያዘነብልም በግምት ከ8,000 ኒውተን ብዙም አይዘልም። የተለመደ የመንገድ ጎማ ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ መግፋት የሚችለው ቢበዛ የተሸከመውን ያህል ነው።

ስለዚህ በድሮው ዲፈረንሻል እንኳ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ከተረገጠ ጎማው ይንሸራተታል። አዲሱ 13,700 ያህል ቢልክለት በሞላ ብርጭቆ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው። ጭሱ ያምራል፤ መኪናው ግን በዚያ ምክንያት ቶሎ አይነሳም።

ጎማውን በሚይዝ የውድድር ጎማ ቀየርነው እንበል። አሁንስ? ነጂው 5,000 ዙር ላይ ማርሽ ይቀይራል ብለን እናስላ። ጎማው አንዴ ሲዞር 2.04 ሜትር ይሄዳል። በድሮው ዲፈረንሻል አንደኛ ማርሽ እስከ 67 ኪሎሜትር በሰዓት ያደርሳል፣ ሁለተኛው እስከ 116። በአዲሱ ግን አንደኛ ማርሽ በ49 ያልቃል፣ ሁለተኛው በ85። ያስተዋላችሁት ነገር አለ? ከ49 እስከ 67 ባለው ክልል ውስጥ የድሮው መኪና ገና አንደኛ ላይ ነው፣ አዲሱ ሁለተኛ ገብቷል። የሁለተኛ ማርሽ ቅነሳ 1.93 ነው። የድሮው ጠቅላላ ቅነሳ 3.35 ሲባዛ በ2.73፣ 9.15። የአዲሱ 1.93 ሲባዛ በ3.73፣ 7.2። «37 በመቶ ጨመረ» የተባለው መኪና እዚህ ክልል ውስጥ በ21 በመቶ ያነሰ ቅነሳ ይዞ ነው የሚሄደው!

ከ67 እስከ 85 ሁለቱም ሁለተኛ ላይ ናቸው፤ አዲሱ ይበልጣል። ከ85 በላይ አዲሱ ሦስተኛ ሲገባ ብልጫው እንደገና ያመልጠዋል። ከዜሮ እስከ 100 ለመድረስ የድሮው አንዴ ብቻ ማርሽ ይቀይራል፣ አዲሱ ሁለቴ። ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ደግሞ ለዚያች ቅጽበት ጎማውን የሚገፋ ነገር የለም።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ አንድ ቀላል እኩልታ ውስጥ ነው፦ የፈረስ ጉልበት ማለት ኃይል ሲባዛ በፍጥነት ነው። በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ጎማው የሚያገኘውን ኃይል የሚወስነው ሞተሩ በዚያች ሰዓት የሚያወጣው የፈረስ ጉልበት ነው። ዲፈረንሻል የፈረስ ጉልበት አይፈጥርም። ሥራው ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ላይ በስንት ዙር እንዲሠራ መወሰን ብቻ ነው። ለሞተሩ ጥሩ ዙር ካጋጠመው ታተርፋላችሁ፣ ካላጋጠመው ትከስራላችሁ።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ላይ የድሮው በ4,470 ዙር ይሠራል፤ 225 ከሚወጣበት ጫፍ ብዙም አልራቀም። አዲሱ በ3,520 ዙር ነው፤ እዚያ ላይ ሞተሩ ከ201 የፈረስ ጉልበት በላይ ሊያወጣ አይችልም። የድሮው ይመራል። በ75 ኪሎሜትር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ የድሮው በ3,200 ዙር 183 ያወጣል፣ አዲሱ በ4,400 ዙር 225 አካባቢ ነው። ትርፉ ግን 23 በመቶ እንጂ 37 አይደለም፤ ምክንያቱም ዙሩ ሲጨምር የሞተሩ ቶርክ ራሱ እየቀነሰ ሄዷል።

አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ዲፈረንሻል ቢቀየር መኪናው ሲነሳ የነበረው ድካም ይቃለላል፤ የጠፋው የፈረስ ጉልበት ግን አይመለስም።

«ግን እኮ የቀየሩት ሰዎች ሁሉ መኪናው ተለወጠ ይላሉ!» ትሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። በአምስተኛ ማርሽ እየሄዱ ማርሽ ሳይነኩ ነዳጅ ሲረግጡ ያ 37 በመቶ በሙሉ ጀርባ ላይ ይሰማል። ነገር ግን ይህን አስሉ፦ አምስተኛ ማርሽ 0.68 ነው፣ በ3.73 ሲባዛ 2.54። አራተኛ ማርሽ 1 ነው፣ በድሮው 2.73 ሲባዛ 2.73። የድሮው መኪና በአራተኛ ከአዲሱ በአምስተኛ ይበልጣል! ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ አራተኛ መመለስ ደግሞ ገንዘብ አያስከፍልም። በኔ አስተያየት ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ወይም ለውድድር ለሚያዘጋጅ ሰው ለውጡ ያዋጣል፣ ግን ማርሾቹ በየትኛው ፍጥነት ላይ እንደሚያልቁ ወረቀት ላይ ሳያሰላ ባይነካው ይሻላል። ረጅም መንገድ ለሚያዘወትር ሰው አላዋጣም ባይ ነኝ።

ሥራው ራሱም ቀላል አይደለም። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው የሚጠጋበት ርቀት በቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ይስተካከላል፤ የአንዷ ቀለበት ውፍረት ከወረቀት ብዙ አይለይም። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት መተው አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ጥርሶቹ ሲግሉና ሲያብጡ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፣ ከሰፋ ይጋጫሉ። መካኒኩ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ፣ አዙሮ፣ ቀለሙ የተነካበትን ቦታ በማየት ነው። አሻራው ጥርሱ መሃል ላይ ካላረፈ ፈትቶ ሌላ ቀለበት ያስገባል፣ እንደገና ይገጥማል፣ እንደገና ያያል። አንዳንዴ ሦስቴ፣ አራቴ። የፒኞኑ ኩሽኔታዎች የሚጠብቁበት ልክ ደግሞ እየተጨመቀ በሚሰበሰብ ቱቦ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ትንሽ ካሳለፋችሁት ወደ ኋላ ብትፈቱት አይመለስም፣ ቱቦው ይጣልና አዲስ ይገባል። በጥንቃቄ ያልተሠራ ዲፈረንሻል ራሱን ያጋልጣል፦ በፍጥነት ስትሄዱ ከኋላ የማያቋርጥ ጩኸት ትሰማላችሁ። አዲስ ጥርስ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በእርጋታ መነዳት፣ በየመሃሉ መቀዝቀዝ አለበት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በዚህ መኪና የፍጥነት መለኪያው የሚነዳው ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ደግሞ አሁን ለያንዳንዱ ኪሎሜትር 37 በመቶ በላይ ይዞራል። በእውነት 80 ስትሄዱ መለኪያው 109 ያሳያል። መፍትሔው ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ መቀየር ነው። ያልቀየረ ሰው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም የሚታለለው። ኪሎሜትር ቆጣሪውም 100 ሄዶ 137 ይጽፋል። በ100 ኪሎሜትር 12 ሊትር የሚበላ መኪና በዚህ ቆጣሪ ሲሰላ 8.8 ሊትር የሚበላ ይመስላል። ዲፈረንሻል ቀይሬ ነዳጅ ቆጠብኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ያቺን የፕላስቲክ ጥርስ ቀይሯት እንደሆነ ጠይቁት።