ሞሮኮ ወጥታ የተመለሰችበት በር

የአፍሪካ ኅብረት ዛሬ 55 አባል አገራት አሉት። በ1955 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተወለደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሥራቾች ግን 32 ነበሩ። ሌሎቹ ነፃ በወጡ ቁጥር እየገቡ ቁጥሩ አደገ። ደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ አገዛዝ ሲያበቃ በ1986፣ ደቡብ ሱዳን ደግሞ በ2003 ተቀላቀሉ።

55ኛዋ ሞሮኮ ግን አዲስ እንግዳ አይደለችም፤ ከመሥራቾቹ የምትቆጠር ናት። ድርጅቱ በ1974 የሰሃራዊ ዓረብ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን በአባልነት ሲቀበል፣ ምዕራብ ሰሃራን «ግዛቴ ነው» የምትለው ሞሮኮ ተቆጣች። በኅዳር 1977 አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ላይ መውጣቷን አሳወቀች። ሁለቱም ወገኖች ሙስሊም ናቸው፤ ጠባቸው የመሬትና የሥልጣን ነው።

ታዲያ እንዴት ተመለሰች? በኅብረቱ መተዳደሪያ ሕግ አንቀጽ 29 መሠረት፣ መግባት የሚፈልግ አፍሪካዊ አገር ፍላጎቱን ለኮሚሽኑ ሊቀመንበር ያሳውቃል። ጥያቄው ለአባላቱ ይላካል፤ ከግማሽ በላይ ከደገፉት በቃ። በአውሮፓ ኅብረት የአንድ አገር እምቢታ በሩን ይዘጋል፤ እዚህ ግን አይዘጋም። ጥር 22 ቀን 2009 አዲስ አበባ ላይ 39 አገራት ሞሮኮን ደገፉ።

ይኸው ሕግ አባልን ማገድ እንጂ ጨርሶ ማባረርን አይደነግግም። ስለዚህ ሞሮኮ ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ ስትመለስ፣ ጥላው የወጣችውን የሰሃራዊ ወንበር እዚያው አገኘችው። አሁን ሁለቱ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ፤ የሰሃራዊ ስደተኞች ግን ዛሬም በአልጄሪያዋ ቲንዱፍ መጠለያዎች ውስጥ ናቸው።